ሦስት ዓመት የፈጀው ዳገት

ኒውተን፣ ካንሳስ
ኦክቶበር 9 ቀን 2019

ለምወድህ ልጄ ለብሬንት፣

አንተም፣ ማሪሶልም፣ ትንሿ ኢነስም በጤና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እህቴ ቨርዳ ጋ ነኝ። የኋላውን ክፍል ለቅቃልኛለች፤ መስኮቱ በማሽላው እርሻ በኩል ስለሆነ የአጨዳው መኪና ሲመላለስ እያየሁ እውላለሁ። ምግብ እበላለሁ። ቨርዳን ታውቃት የለ? ሳልበላ ከጠረጴዛ አታስነሳኝም። ያስቸገረኝ የግራ ጉልበቴ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ሁለት ጊዜ ደውዬ ድምፅህን ስሰማ ግን ስለ አየሩ ጠይቄህ ዘጋሁ። ስለዚህ ልጻፈው።

አባትህን የሸኘን ዕለት፣ ዱራንጎ ከጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመን፣ አንድ ነገር ጠየቅኸኝ። «እማዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አሪዞና ድረስ ሲመላለስ ከርሞ፣ ከዚህ እኔ ጋ ለመድረስ ሃምሳ ማይል አቃተው?» አልከኝ። ቀና ብዬ ላይህ አልቻልኩም። ጫማህን አየሁ። አንተም ትንሽ ጠበቅኸኝና ወደ መኪናህ ሄድክ። ማሪሶል ኢነስን ታቅፋ ዞር ብላ አየችኝ፤ እጄን ላነሳ ስል መስኮቱ ተዘጋ።

ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

ተሳቢ ቤቱን የገዛን ሰሞን ታስታውሳለህ። እርሻውን ሸጠን ጎረቤቱ ሁሉ ለስንብት ምሳ ተሰብስቦ ነበር። አንተ መንገድ ከምትጠርግበት ተራራ፣ ከሲልቨርተን ድረስ ነድተህ መጥተህ፣ ገና ሳትበላ፣ ሳህንህን እንደያዝክ ተሳቢውን ዞረህ አየኸው። ከዚያ መኪናችንን አየህ። ከዚያ ጎንበስ ብለህ ማያያዣውን አየህ።

«አባዬ፣ ይቺ መኪና ይሄን አትጎትትም» አልከው።

«ማን አለ?»

«በሯ ላይ ተጽፏል። አቅሟ አምስት ሺህ ፓውንድ ነው። ይሄ ዕቃ ሲሞላበት ወደ ሰባት ሺህ ይጠጋል። ሜዳ ላይ እሺ ትለው ይሆናል። ዳገት ላይ ካምቢዮዋ ይቃጠላል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ተሳቢው ነው እሷን የሚነዳት።»

«ሠላሳ ዓመት እህል የጫነ መኪና የነዳሁ ሰውዬ ነኝ እኮ! በረዶ የሚጠርግ ልጅ መንዳት ያስተምረኝ?»

ጎረቤታችን ሃርላን ሳቀ። ሌሎቹም ተከትለውት ሳቁ። ነገሩን ያበላሸው ያ ሳቅ ነው ብዬ ዛሬም አስባለሁ። አንተ ፊትህ ቀላ።

«እንግዲያው ይሄን ይዘህ እኔ ጋ እንዳትመጣ! በየበጋው እንዲህ ያለውን ከገደል የምለቅመው እኔ ነኝ። የእናቴን ሬሳ አልለቅምም!»

አባትህ ሹካውን አስቀመጠና፣ «እመጣለሁ። ይሄንኑ ቤት ደጅህ ላይ አቆመዋለሁ። እስከዚያ ግን ዓይኔን አታየውም» አለህ። አንተም ሳህኑን አጥሩ ላይ ትተህ ሄድክ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ አላየኸውም።

ክረምቱን አሪዞና፣ በጋውን ካንሳስ ነበር የምናሳልፈው። ሁልጊዜ በደቡቡ ሜዳ ዞረን ነው የምንሄደው። አባትህ ከሃምሳ አምስት ማይል በላይ ነድቶ አያውቅም። ከኋላችን ጡሩንባ ሲነፋ ዳር ይይዝና እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፉ፣ እለፉ፣ ሞት አያመልጣችሁም» ይላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ካርታውን ዘርግቼ፣ «በተራራው በኩል እኮ ያጥርልን ነበር» ስለው፣ «ተራራ ምን ያደርግልኛል? ድንጋይ ነው» አለኝ። ገና እንደተናደደብህ ነው ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ተናድጄብህ ስለነበር ደስ አለኝ።

በመጀመሪያው ዓመት የጀልባዋን ሞተር ሸጠ። ዓሣ ማጥመድ እንዴት እንደሚወድ ታውቃለህ። «ሰለቸኝ፣ ዓሣዎቹም ሰለቹኝ» አለ። ቀጥሎ የመሣሪያ ሳጥኑን፣ ያንን ከአባቱ የወረሰውን፣ ለሃርላን ሰጠው። «ትከሻዬ መፍቻ አልይዝ አለ» አለኝ። የውሃውን ጋን ሳይሞላ መጓዝ ጀመረ፤ ስንደርስ በባልዲ ይቀዳ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ መስኮቱ ሥር የነበረው የምግብ ጠረጴዛ ከነወንበሮቹ ተነቅሎ የለም።

«ምን ሆነህ ነው አንተ ሰውዬ? የት እንብላ?»

«ጉልበታችን ላይ። እንደ ጫጉላችን ጊዜ።»

ሳቅኩ። እያረጀ ነው፣ ነገር እየተወው ነው ብዬ አዘንኩለት። እኔ ግን የራሴን አላጎደልኩም። የስፌት መኪናዬ እንደነበረች ነበረች። አርባ ማሰሮ የዱር ፕለም ማርማላታም ከአልጋው ሥር ተደርድሮ ነበር። በየሰንበት ገበያው ደግሞ አንድ ብረት ድስት፣ አንድ የሸክላ ሳህን እጨምር ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማሰሮዎቹን ቆሞ እያየ፣ «ላቮን፣ ይሄን ሁሉ ማን ይበላዋል?» አለኝ። «ለሰው የምሰጠው ነው! የኔን ዕቃ እንዳትነካ!» ብዬ ተቆጣሁት። ሁለተኛ አላነሳውም።

አምና በጋ ኢነስ መወለዷን ከቨርዳ ነው የሰማነው። ፎቶዋን በስልኳ አሳየችን። አባትህ ስልኩን ከእጇ ወስዶ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ብርሃን ፍለጋ ነው ብሎ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ፣ «ጆሮዋ የኔ ነው። አይ ምስኪን» ብቻ አለ።

ዘንድሮ አሪዞና ዘግይተን ነበር፤ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ወደ ካንሳስ እንመለሳለን ስል መሪውን ወደ ሰሜን አዞረው። «ወዴት ነው?» አልኩት። «ወደ ድንጋዩ» አለኝ። ዱራንጎ አንድ ቀን አድረን፣ ሰኞ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ወደ አንተ የሚወስደውን የኮል ባንክን ዳገት ጀመርን።

ዳገቱን አንተ ስለምታውቀው አልነግርህም። መጀመሪያ አርባ፣ ከዚያ ሠላሳ፣ ከዚያ ሃያ አምስት ማይል ሆንን። ሞተሩ ይጮኻል። ከኋላችን የመኪና ሰልፍ እስከ ታችኛው መታጠፊያ ይታየኛል። የሙቀቱ ጠቋሚ እየወጣ ቀዩን ነካ፤ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። አባትህ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ማሞቂያውን ከፈተ፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ ለመሳብ። በዚያ ሙቀት ላይ ማሞቂያ! ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር። አንድ ጎረምሳ በፒክአፕ ጎናችን መጥቶ መስኮቱን አወረደና፣

«ፋዘር! ዝሆን በፍየል ነው እንዴ የምታስጎትተው?» አለው።

«የደከመችው ፍየሏ ናት፣ ዝሆኑ ደህና ነው!» አለው አባትህ። ልጁ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ ግን ወደ እኔ ዞር ሲል ከንፈሩ ነጭ ሆኖ አየሁት።

ከመንገዱ ዳር ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኝ ቆመ። አንድ ሰዓት ያህል አቀዘቀዝናት። ከዚያ አዞራት። ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ ነበር የወረድነው፤ እንዲያም ሆኖ ተሳቢው ሁለት ጊዜ ግራና ቀኝ ተወዛወዘና መኪናዋን ከኋላ ገፋት። የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ጸለይኩ። ታች ስንደርስ ፍሬኑ ይጨስ ነበር። አባትህ እጁን ከመሪው ላይ ለማላቀቅ ጊዜ ፈጀበት።

ወንዙ ዳር ካለው የተሳቢዎች ማረፊያ ገባን። ጎረቤታችን ቦይድ የሚባል የቴክሳስ ጡረተኛ ነበር፤ አንተም አባትህን የሸኘን ዕለት አይተኸዋል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የቆመው ረጅሙ ሰውዬ። ትልቅ የናፍጣ መኪና አለው። ታሪካችንን ሲሰማ፣ «ኤልደን ወንድሜ፣ ይሄማ ምን ያስጨንቃል? በኔ መኪና ነገ ጠዋት እናወጣዋለን፣ ለምሳ ልጅህ ደጅ ነህ» አለው።

«በሰው መኪና?» አለ አባትህ። «አይሆንም።»

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ሙሉ ቀን ደጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ተራራውን ሲያይ ዋለ። ዓርብ ጠዋት በባልዲ ውሃ ሊቀዳ ወጣ። እንቁላል እየጠበስኩ ነበር። «እየቀዘቀዘ ነው!» ብዬ ተጣራሁ። ስወጣ ከተሳቢው ደረጃ ላይ ተቀምጧል፣ ጀርባው በሩን ተደግፏል፣ ባልዲው እግሩ ሥር ሙሉ ነው። ውሃ አልፈሰሰም። አስቀምጦት ነው የሄደው። ቦይድ መጣ፣ አምቡላንስ መጣ፣ ልብ ነው አሉኝ። ወደ ቤትህ ስደውል ማሪሶል ስልኩን አነሳች። አንተ በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ ደረስክ።

አሁን ስለ መልሱ። ባለፈው ሳምንት መኪናዋን ልሸጥ ወረቀቶቿን ፍለጋ የዳሽቦርዱን ኪስ አራገፍኩት። ከታች፣ በመንጃ ፈቃድ መያዣ ውስጥ በጎማ ክር የታሰሩ ሰባት ትንንሽ ወረቀቶች አገኘሁ። የከባድ መኪና ሚዛን ደረሰኞች ናቸው። የመጀመሪያው ደረሰኝ ቀን አንተ ሳህንህን አጥር ላይ ትተህ ከሄድክ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ተሳቢው ስድስት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ፓውንድ ይላል። ከጀርባው በእርሳስ፣ በአባትህ እጅ፣ «ልጁ ልክ ነው» ተብሎ ተጽፏል።

ልጄ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ ሁሉንም አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው።

ሁለተኛው ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ነው፤ ጀርባው ላይ «ሞተሩ ወጣ» ይላል። በሌላው «የአባቴ ሳጥን»፣ በሌላው «ውሃው»። ኢነስ ከተወለደች በኋላ ያሉት ቶሎ ቶሎ ናቸው። «ጠረጴዛው፣ ወንበሮቹ»። እኔ በማላውቀው ጊዜ፣ ገበያ ስሄድ ወይም ፀጉሬን ስሠራ፣ እየወሰደ ያስመዝነው ነበር ማለት ነው። የመጨረሻው የጁላይ ሃያ ስድስት ነው። አምስት ሺህ ስልሳ። ጀርባው ላይ «ይበቃል። በኦገስት ወደ ብሬንት» ይላል።

ተሳቢው ባዶውን አራት ሺህ ስምንት መቶ ነው፤ መጽሐፉን አይቼ አረጋገጥኩ። የቀረውን ሁለት መቶ ስልሳ ፓውንድ በጣቴ ቆጠርኩት። የስፌት መኪናዬ፣ ማሰሮዎቼ፣ ድስቶቼ፣ የአልጋ ልብሳችን ነው። ከዚያ ውስጥ የአባትህ የሚባል አንድ ሻንጣ ልብስና ምላጩ ነበር።

ሰባቱንም ደረሰኞች እዚህ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። «ሃምሳ ማይል አቃተው?» ላልከኝ መልሱ እነሱ ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ አንተ ሲመጣ ነበር። ልክ ነህ ብሎ ሊነግርህ አፉ እንቢ ስላለው ዕቃውን እየጣለ መጣ። የተራራው አየር ሞተሯን ያደክማታል ብሎ አላሰበም፣ ወይም አስቦ ሊሞክር ፈልጓል።

እናትህ

ኦክቶበር 10

ትናንት እዚህ ላይ ጨርሼ ፖስታውን ልዘጋ ነበር። ቨርዳ አንብባው አለቀሰችና፣ «ይበቃል፣ ላኪለት» አለችኝ። ጠዋት ግን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁት። ከማክሰኞ ወደ ዓርብ ነው የዘለልኩት። አንብበኸው ከሆነ አንተም ልብ ብለህ ይሆናል። ረቡዕን አልጻፍኩልህም።

ረቡዕ ጠዋት አባትህ ከወንበሩ ተነሳና፣ «ላቮን፣ ቤቱን እዚሁ እንተወው። በመኪናዋ ብቻ እንሂድ። ለምሳ እንደርሳለን» አለኝ።

«ደጁ ላይ አቆመዋለሁ ያልከውስ?»

«ይቅር። ልጅቷን ልያት።»

እኔ ምን አልኩት መሰለህ? «ሳንጠራ አንሄድም» አልኩት። «የልጅ ልጃችንን መወለድ ከሰው ነው የሰማነው። ሬሳ አልለቅምም ብሎ የሰደበን እሱ ነው። እሱ ይምጣ፣ ወይ ደውሎ ይጥራን። አንተ በሰባ ዓመትህ ደጁ ሄደህ ስታንኳኳ እኔ አላይም። መጀመሪያ ደውልለት።» ብዙ ተናገርኩ። ቦይድ ሰምቶን ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

አባትህ አልተከራከረኝም። ሐሙስ ማያያዣውን ፈትቶ መኪናዋን ከተሳቢው ለያት። አጠባት፣ ዘይቷን ለካ፣ መስታወቷን በጋዜጣ ወለወለ። የኋላውን ወንበር ጠረገ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ስምህን ፈልጎ ያዘና መልሶ ከተተው። በመስኮት አየሁት። ሁለት ጊዜ ነው ያደረገው። ወጥቼ፣ «ና፣ ግባ፣ እንሂድ» ማለት ነበረብኝ። ትንሽ ይልፋ፣ እንዲያውም ልጁ ይደውል ይሆናል፣ ቅዳሜ እንደርሳለን ብዬ አሰብኩ። መኪናዋ ታጥባ፣ አፍንጫዋ ወደ መንገዱ ዞሮ አደረች።

ልጄ፣ እሱ መንገዱን ጨርሶት ነበር። የያዝኩት እኔ ነኝ። ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ ጫማህን ያየሁት መልሱን ስላጣሁ አልነበረም። ትናንት «መልስ አልነበረኝም» ብዬ ጽፌልሃለሁ፣ ውሸት ነው። ነበረኝ፣ አፌ ላይ ነበር። በአባትህ ተናድደህ ስትሄድ ዝም ብዬ አየሁህ፤ ለሞተ ሰው ምን ይጎዳዋል ብዬ። ይኸው ሁለት ወር ሙሉ በእሱ ላይ እንደተናደድክ እንድትኖር ተውኩህ። ይህን ይቅር ማለት ካቃተህ እረዳሃለሁ።

ተሳቢውን ቦይድ ሸጦልኛል። የገዙት ትልቅ መኪና ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ መኪናቸው ተሳቢውን እንደሚችል አስጠይቄ ነው የሰጠኋቸው። ማርማላታውን ለማረፊያው ሰዎች አደልኩት። መኪናዋን ግን ልሸጥ ነበር፣ ተውኩት። ዘይቷን አስቀይሬያለሁ።

የፊታችን ማክሰኞ ከዚህ እነሳለሁ። ቨርዳ ብቻሽን አትሄጂም ብላ ትጮኻለች፣ እኔ ግን ቀስ ብዬ እነዳለሁ። በረዶው ሳይከብድ ዓርብ ሲልቨርተን እደርሳለሁ። ሥራ ላይ ከሆንክ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ። ልታናግረኝ ካልፈለግህ በመስኮት ንገረኝ፣ እመለሳለሁ፤ ቁልቁለቱ እንዴት እንደሚወረድ ከአባትህ አይቻለሁ። የአባትህ አመድ እኔ ጋ ነው። የት እንደምናሳርፈው አንተ ወስን።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርህ። መንገድ ስትጠርግ ከበላይህ ያለው በረዶ ሁሉ ጸጥ ብሎ ይዋልልህ። ማሪሶልን ጤና ይስጥልኝ፣ ልጅሽን ታቅፈሽ ዞር ብለሽ ስላየሽኝ አመሰግንሻለሁ በላት።

እናትህ
ላቮን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ለኢነስ የሆነ ነገር ልገዛላት ሱቅ ገብቼ ነበር። ሴትየዋ ቁመቷን ጠየቀችኝ፣ አላውቅም አልኳት። መራመድ ጀምራለች ወይ አለችኝ፣ አላውቅም አልኳት። ምንም ሳልገዛ ወጣሁ።